የምፅዋው ደባል

ሌላው ወንድ ከሩቅ አገር ሲመጣ ለሚስቱ ሽቶ ያመጣል። ሽቶ ቢቀር ሻሽ ያመጣል። የኔ ባል ሸርጣን አመጣልኝ። እርጥብ አሸዋ በሞላው የቆርቆሮ ጣሳ ቀብሮ፣ ከምፅዋ አሥመራ፣ ከአሥመራ አዲስ አበባ፣ ደጀን ወርዶ እንደገና ተሳፍሮ፣ ቢቸና ድረስ አንጠልጥሎት መጣ።

አትሳቁ። የቢቸና ሰው ስቆ የጨረሰው ነገር ነው።

ባሌ ይርሳው የጃንሆይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ ለእሱስ አልተሳሳተም። ፈቃድ የሚያገኘው በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው። ያን ዓመት ለጥምቀት መጣና ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ከታቦቱ ኋላ ሲሄድ ሰው ታቦቱን ትቶ እሱን ያይ ነበር። እኔም አይቼ ኮራሁ። ሞኝ ነበርኩ።

እኔ ፋንታነሽ የሞጣ ልጅ ነኝ። ይርሳው ሲያገባኝ ቢቸና እናቱ ቤት አስቀመጠኝና ወደ መርከቡ ተመለሰ፤ እዚያው እንደተቀመጥኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። አማቴ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ፣ እማማ የምላቸው፣ ክፉ ሴት አይደሉም። ግን ቤቱ የሳቸው፣ ምድጃው የሳቸው፣ ጨው የሚጨመረው በሳቸው እጅ ነው። ወጥ ጥጄ ዞር ካልኩ መጥተው ያማስሉታል። ተመልሼ ካየኋቸውም አይተዉም፣ እያዩኝ ያማስላሉ። በዚያ ቤት የኔ ነው የምለው ከሞጣ ይዤው የመጣሁት ሳጥን ብቻ ነበር።

«ይውሰዱኝ» አልኩት ይርሳውን፤ ያኔ እንደ ወጉ አንቱ ነበር የምለው። «ምፅዋ ሙቀቱ አያስቀምጥም ይላሉ፣ ይሁን። አንድ ክፍል ይበቃኛል። የራሴን እሳት የማነድበት ምድጃ ይኑረኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅዎትም።»

እሱ መልስ ሲያጣ ይስቃል። ጣሳውን አነሣና አሸዋውን በጣቱ ጫር ጫር አደረገው። ከውስጡ የሕፃን ጡጫ የሚያክል ዛጎል ወጣ። ከዛጎሉ አፍ ደግሞ ፀጉራም እግሮች ብቅ አሉና መዳፉ ላይ መራመድ ጀመሩ። እኔ ወደ ጓዳ ሸሸሁ።

«ነይ፣ አይበላሽም» አለኝ። «ይኸውልሽ፣ ይቺን ነፍስ እስከ ፋሲካ በሕይወት ካቆየሽልኝ፣ እናቴ ትሙት፣ ለፋሲካ ስመጣ አንቺንም እሱንም ይዤ ነው የምሄደው።»

በእናቱ የማለ ሰው ይታመናል። እኔም አመንኩ። እዚያው አፋጥጬ ያዝኩት፤ ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል፣ የት ይተኛል አልኩ። እየሳቀ ነገረኝ። ያገኘውን ይበላል። ውሃው አንዱ ጨው ያለበት፣ አንዱ የሌለበት ይሁን። አሸዋው አይድረቅ፤ ብርድ ይገድለዋል። ሲያድግ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቆዳውን ይገፋል፣ ያን ጊዜ የነካው ሰው ገደለው ማለት ነው። ዛጎሉም የራሱ አይደለም። የባሕር ቀንድ አውጣ ሞቶ ትቶት በሄደ ባዶ ቤት ነው የሚኖረው፤ ሲጠበው ሰፋ ያለ ይፈልጋል። እሱንም ስመጣ አመጣለታለሁ አለኝ።

«እንደኔ ደባል ነዋ» አልኩት። ስሙም በዚያው ደባል ሆኖ ቀረ።

ይርሳው ሄደ፤ እኔና ደባል ቀረን። አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ነበረን። የወንዝ አሸዋ አምጥቼ አጥቤ ሞላሁትና ከምድጃው ጎን፣ እሳቱ ሳይሆን ለብታው በሚደርስበት በኩል አስቀመጥኩት። ከገበያ አሞሌ ጨው ገዝቼ፣ ፈርፍሬ በጥብጬ በጣሳ ክዳን አቀረብኩለት። ዱባ ይወዳል። ጎመን ሲሰጡት በአንዱ እጁ ይዞ በሌላው እየቆነጠረ ይበላል፤ እኛ ቤት ከሚመጣው ከብዙው እንግዳ ጨዋ ነው። ሽሮ አይቀምስም፤ በርበሬው ነው መሰለኝ። ሰው ሲተኛ እሱ ይነቃና ማሰሮውን ከውስጥ ይቧጥጣል። አማቴ ከመደባቸው ላይ «ኧረ ይህን ነገር ሰላም ስጪው» ይሉኛል፤ ሰላሙን እኔ የያዝኩበት ይመስል።

ወደድኩት አልልም፤ ውሸት አልናገርም። እየተናደድኩ ነው የቀለብኩት። እኩዮቼ ልጅ አዝለው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ ሸርጣን አሞቃለሁ። ግን እሱ ከሞተ የምፅዋው ምድጃዬ አብሮት መሞቱን አውቃለሁ። ስለዚህ በጠዋት ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነበር፤ ፊቴን የምታጠበው መንቀሳቀሱን አይቼ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ይርጋነሽ እሳት ልትጭር ገባች። ዛጎሉ በራሱ እግር ሲሄድ አይታ እሳቷን ትታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ዛጎል የሚጥለው ጠንቋይ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። የፋንታነሽ ዛጎል ግን ጣይ አያስፈልገውም፣ በራሱ ይሄዳል፤ ባሏን ከባሕር ላይ ልትስብበት ከምፅዋ ጠንቋይ ያስመጣችው ነው ተብሎ አገሩን አዳረሰ። ሐሜቱስ እሺ፣ ሐሜት ለምጃለሁ። በጓሮ በር እየመጡ የሚለማመጡኝ ናቸው ያንገበገቡኝ። አንዷ አላርፍ ብላ ምራቷን አስከትላ መጥታ «ትወልድልኝ እንደሆን እስቲ ጠይቂልኝ» ትለኛለች።

«እሱ የሚያውቀው ዱባ ብቻ ነው» ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ወሬው የንስሐ አባታችን ዘንድ ደረሰ። አባ ወልደ ኪዳን ጾሙ እንደገባ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ከደጃፉ አላልፍ አሉ።

«ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ ርኩስ ነው» አሉኝ። «ይህ እዚህ እያለ መስቀል ይዤ አልገባም።»

«አባ፣ አትብሉት ተባለ እንጂ አታሳድሩት ተባለ?» አልኳቸው። «እኔ ልጠብሰው መሰልዎት?»

አማቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አባ ጠበላቸውን እንደያዙ ተመለሱ። እማማ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም፤ የንስሐ አባቴ ከደጄ ተመለሱ እያሉ ሲብሰለሰሉ ዋሉ። ሲመሽ «አባትሽ ቤት ወስደሽ አስቀምጪው» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ፤ ሞጣ የአባቴ ቤት ነው፣ ለአንድ ማሰሮ ቦታ አይጠፋም ብዬ ነው።

ማሰሮውን አቅፌ ሞጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ማሰሮውን ጭኔ መሀል አጥብቄ ይዤ ይርሳውን እረግማለሁ። አባቴ አቶ አምባቸው እናቴ ከሞተች በኋላ ጥሩአየሁ የምትባል ሴት አግብተዋል። ጥሩአየሁ ከደጃፍ ቆማ ማሰሮውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«አንቺን እኮ ድል ባለ ሰርግ ሸኝተን ተገላገልን» አለች። «ደግሞ ምን አቅፈሽ መጣሽ?»

አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። በተወለድኩበት ቤት አረፍ በይ ያለኝ ሳይኖር ራሴ ተቀመጥኩ፤ ከሳጥኔ ሌላ የኔ የምለው ነገር ያለኝ የመሰለኝ እዚያ ነበር፤ እሱም እንደሌለ ያን ማታ ገባኝ። በማግስቱ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ። አላለቀስኩም፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

እማማ ማሰሮውን ሲያዩ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ፊቴን አዩት እንጂ ምን ሆንሽ አላሉኝም። «ጓዳ አድርጊው፤ አባ ሲመጡ አይታይም» አሉና ከምድጃው ፍም ጭረው፣ በገል አድርገው አጠገቡ አኖሩለት።

ሁዳዴው ሲጋመስ ደባል አሸዋ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ይርሳው የነገረኝ ይኸው ነው ብዬ አሸዋውን እያረጠብኩ ዝም አልኩ። እማማ ግን አልሆነላቸውም።

«ሞቷል» ይሉኛል።

«ቢሞት ይሸት ነበር።»

«ነፍስ ያለው ነገር ይህን ያህል ሳይበላ ይቆያል?»

«እርስዎም እኮ እየጾሙ ነው፣ እማማ።»

ይህን ስላቸው ፈገግ ይላሉ። ግን ጓዳ በገቡ በወጡ ቁጥር ወደ ማሰሮው ያጎነብሳሉ፤ አሳዝኗቸዋል።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው፤ በጠዋት ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አሸዋው ሰፌድ ላይ ተዘርግፏል፣ ማሰሮው ባዶውን በጎኑ ተኝቷል። እማማ ደባልን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለፋሲካ ያስቀመጡትን ለጋ ቅቤ እየዛቁ እግሩን ያሹታል። የዛጎሉን አፍ ሳይቀር በቅቤ ጠቅጥቀውታል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«እግሩ ረግፎ አገኘሁት» አሉኝ፤ የገፋውን ባዶ ቆዳ ከነእግሩ ከነጥፍሩ ሰፌዱ ላይ እያሳዩኝ። «ደርቆብሽ ነው። የቀረውም ነጥቶ ለሞት ደርሷል። ቅቤ ሲያገኝ ይለሰልሳል። ይርሳውም ሲወለድ እንዲህ ነጥቶብኝ፣ ይኸው በቅቤ አሽቼ ነው ያተረፍኩት።»

እኛ አገር ቅቤ የማይቀባ ምን አለ? ሕፃን ሲወለድ ቅቤ፣ ሰው ከመንገድ ሲገባ ቅቤ፣ ራስ ሲያም ቅቤ። ሸርጣን የሚተነፍሰው በእርጥበቱ እንደሆነ፣ ቅቤ እንደሚያፍነው ማን ይገምታል? ይህን አሁን ነው የማወራው። ያኔ ደሜ ፈላ። ከእጃቸው ነጥቄ ወሰድኩት። ውሃ ለብ አድርጌ ጨው በጥብጬ ነከርኩት፣ በጥጥ ጠረግኩት፣ የዛጎሉን አፍ በላባ ጫፍ ጠራረግኩና እንደገና ነከርኩት። አንዱ እግሩ እጄ ላይ ቀረ። እጄ እየሠራ አፌም አላረፈም።

«ወጤን አማሰሉ፣ ዝም አልኩ። ጨዌን ጨመሩ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ መውጫዬን ገደሉት። ልጅዎ ይህ እስከ ፋሲካ ከኖረ ምፅዋ እወስድሻለሁ ብሎኛል። በማን እንደማለ ያውቃሉ? በእርስዎ ነው። እናቴ ትሙት ብሎ ነው የማለልኝ።»

እማማ ቅቤ የነካው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«በኔ?» አሉ።

«በእርስዎ።»

እጃቸውን ታጥበው መጡና የውሃውን ጣሳ ያዙልኝ። ደባል በውሃው ውስጥ አንዱን እግሩን ሲያንቀሳቅስ አብረን አየን። አካሉ አድጎ ዛጎሉ ጠቦታል፤ ግማሽ ጎኑ ውጭ ቀርቷል። እማማ ውጭ የቀረውን ጎኑን ሳይነኩት በጣታቸው ለኩና፣ ገበያው ሳይበተን ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። ተናድጄ ስለነበር የት ይሄዳሉ ብዬም አልጠየቅኩ።

ሰሞነ ሕማማቱን ደባል ድርቅ ብሎ ቆየ። እማማ ሲሰግዱ ውለው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለሱ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከዱባው ትንሽ ቆነጠረ። በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ጥጥ ይዘው ከዓባይ ቆላ የሚወጡ ሴቶች ቤታችን መጡ። እማማ ለካ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ሮጠው የሄዱት እነሱን ሊለምኑ ኖሯል። በጨርቅ የተቋጠረ የቆላ ቀንድ አውጣ ቀፎ አመጡልን፤ ትልቁ የሎሚ ያህል ነው። እማማ በፈላ ውሃ ቀቅለው፣ አጥበው፣ አቀዝቅዘው ማሰሮው ውስጥ ደረደሩለት።

ሌሊት ቅዳሴ ሄደን ስንመለስ ደባል ትልቁን ቀፎ ለብሶ አሸዋው ላይ ቆሟል። የድሮው ዛጎል ባዶውን ወድቋል።

«እንግዲህ ይወስድሻል፣ እኔም አልሞትም» አሉ እማማ፤ አማትበው። እየቀለዱ መስሎኝ ነበር።

ይርሳው የፋሲካ ማግስት መጣ። ለእናቱ ጃንጥላ፣ ለኔ ሻሽ አምጥቷል፤ የደባል ዛጎል የለም። ረስቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቤቱ እንግዳ ሞልቶበታል፤ አባ ወልደ ኪዳንም አሉ፣ ይርጋነሽም አለች። ሳጥኔን በገመድ አስሬ በሩ አጠገብ አኑሬዋለሁ። ሰው በልቶ ሲጠግብ ማሰሮውን ከጓዳ አወጣሁና ይርሳው ፊት አኖርኩት። አባ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ይኸው፣ በሕይወት አለ» አልኩ።

ይርሳው መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ከዚያ ሳቁ መጣ።

«ይሄ እስካሁን አለ?» አለ፣ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «ምፅዋ እኮ ሕፃናት እንደ ጠጠር የሚጫወቱበት ነው። እኔ በዚህ በእናንተ ብርድ ሳምንት አይቆይም ብዬ ነበር።»

እንግዳው ሳቀ። ይርጋነሽማ እንባዋን እየጠረገች ነው። ሳምንት አይቆይም ብሎ ነበር። ሊወስደኝ አይደለም የማለው፤ ደባል ሲሞት ጥፋቱ የኔ ሆኖ አፌን እንድይዝ ነው። ያ ሁሉ አሞሌ፣ ያ ሁሉ ሐሜት፣ የሞጣ መንገድ፣ ለዚህ ኖሯል።

እማማ የያዙትን ሰሐን አስቀመጡ።

«ሳምንት አይቆይም ብለህ ነው በኔ የማልከው?»

ሳቁ ቆመ።

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ ይርሳው።

«ጨዋታ ከሆነ ውሰዳት። ሳጥኗ ታስሯል።»

«ቤቱ ጠባብ ነው።»

«አንድ ክፍል ይበቃኛል ብላሃለች።»

«ሰው አለበት» አለ።

«ማን?» አሉት እማማ።

ይርሳው ባርኔጣውን አንሥቶ ያገላብጠው ጀመር። ሁሉም ሰምቷል።

«አንተ» አልኩት። ባሌን አንተ ስለው ይርጋነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይሙት ብለህ የሰጠኸኝን አኖርኩልህ። እግሩ ሲወልቅ፣ ቤቱ ሲጠበው፣ ቄስ ሲሸሸው አኖርኩት። አልወስድሽም ማለት አቅቶህ በሸርጣን ትሸነግለኛለህ? ለሷስ ምን ሰጠሃት? ለሷም በእናትህ ማልክላት?»

አባ ወልደ ኪዳን «ተይ ልጄ፣ በዓል ነው» አሉ።

«አባ፣ እርስዎን እኔ እፈልግዎታለሁ» አሉ እማማ። ሄደው መደባቸው ላይ ጋደም አሉና ነጠላቸውን እስከ ደረታቸው ሳቡ። «ልጄ እናቴ ትሙት ብሎ ምሎ መሐላውን አፍርሷል። እንግዲህ እኔ ሞቻለሁ። የሚሞት ሰው ይናዘዛል። ቀረብ ብለው ኑዛዜዬን ይስሙ።»

«ኧረ ደህና ነዎት፣ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ» አሉ አባ።

«ደህና አይደለሁም። የወለድኩት ልጅ ለጨዋታ ገድሎኛል።»

ልናዘዝ ያለን ሰው የንስሐ አባት እምቢ አይለውም። አባ ወዲያ ወዲህ አይተው፣ በመጨረሻ በርጩማ ስበው ተቀመጡና መስቀላቸውን አወጡ። እንግዳው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ።

«ይህ ቤት ባለቤቴ ለኔ ትቶት የሞተ ነው» አሉ እማማ። «ቤቱም፣ ጓሮውም፣ ምድጃውም ለፋንታነሽ ይሁን። ይርሳው ምፅዋ ቤት አለው፤ ጠባብ ነው ብሏል፣ እግዚአብሔር ያስፋለት። ያላችሁ ሁሉ እማኝ ናችሁ። ይርጋነሽ፣ አንቺም እማኝ ነሽ። አገሩን ለማዳረስ መቼም የሚቀድምሽ የለም።»

«እማዬ» አለ ይርሳው።

«እናትህ ሞታለች» አሉት። «ከገበያው ጥግ አልቤርጎ አለ፤ እዚያ እደር።»

ዙሪያውን አየ፤ ከሱ ጎን የቆመ የለም። ባርኔጣውን ሊደፋ ሲል ከእጁ ነጥቄ የደባልን የድሮ ዛጎል ከውስጡ ጣልኩበትና መለስኩለት። «ባዶ ቤት ነው» አልኩት። «ለጠበበው ሰው ስጠው።» ጃንጥላውን እንኳ ለእናቱ ትቶ መውጣት አላሰበም፤ ይዞት ሄደ።

ሰው ተበተነ። የኔ ንዴት አልበረደም፤ እስከ ዛሬም አልበረደም፣ ውሸት አልናገርም። የሳጥኔን ገመድ በጥርሴ እየፈታሁ ስሳደብ፣ እማማ ከመደባቸው ወርደው ማሰሮውን ከምድጃው ጎን፣ ከድሮ ቦታው መለሱት። ከዚያ ማማሰያውን አንሥተው ለእራት ወደተጣደው ድስት ሄዱና ሳይነኩት ቆሙ።

«ላማስለው?» አሉኝ።

ሳይጠይቁኝ ሲያማስሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ገመዱን ከአፌ አወጣሁ።

«ያማስሉ» አልኳቸው። «ጨው ግን እኔ ነኝ የምጨምረው።»